ያልወደቀችው አጋዘን

አርቪድ ሌህቶላን ቀበርነው ትናንት፣
መሬቱ ጠጥሮ ዶማ እንቢ ባለበት፣
ከሱፒሪየር ሐይቅ ነፋስ እየመጣ፣
የቄሱ ወረቀት ከእጁ እየወጣ።

ከኋላ የቆሙት፣ ኮፍያ ያወለቁ፣
ቅጣት የከፈሉ፣ ጠመንጃ የለቀቁ፣
እጃቸውን በኪስ ከተው እየሳቁ፣
እየሳቁ ደግሞ እየተሳቀቁ።

ያቺ አጋዘን ናት እንዲህ ያሳቀቻቸው፣
በኅዳር ጨለማ ስንቴ ያታለለቻቸው።
ቆዳዋ የእውነት ነው፤ ሆዷ ግን ጭድ ነበር፣
ዓይኗ የብርጭቆ፤ ከጥዶቹ ዳር
የመኪና መብራት ሲነካው ቦግ የሚል።
እሱ የጭራዋን ሲባጎ ጣቱ ላይ ቋጥሮ፣
ከመንገዱ ቦይ ውስጥ በደረቱ አድሮ
ሳብ ያደርገዋል፤ ጭራዋ ይቆላል።
ከዚያ ይጠብቃል።
ከዚያ ይጠብቃል።
ሥራው መጠበቅ ነው፤ ጫካውን መጠበቅ፣
ሰው እስኪመጣ ድረስ ሰውን መጠበቅ፣
አንዱ ከሌላኛው እስከማይታወቅ።

አባቴም ተኩሷል።
የመዳቡ ጉድጓድ በተዘጋበት ዓመት፣
ማቀዝቀዣችን ውስጥ
ከበረዶው በቀር ምንም በሌለበት።
የመጀመሪያው ጥይት አንገቷን በሳው፤
ቆማለች።
ሁለተኛው ጎኗን፤ ጭዱ ብን ብሎ ወጣ፤
ቆማለች፤ እንዲያውም ጭራዋን ቆላችለት።
«ምን ዓይነት አውሬ ናት?» አለ አባቴ።
«የመንግሥት ናት፣ ቫይኖ» አለው ቦዩ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ፤
ባትሪውን ያበራሁት እኔ ነኝ ለአባቴ።

ጠመንጃውን ወሰደ። ጻፈ በዝርዝር፣
ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣
የነፋሱን አቅጣጫ እንኳ ሳያስቀር።
እኔንም አየኝ፤ ባትሪው ከእጄ ላይ
ገና እንደበራ ነው። አየኝ፤ ቆይቶ አየኝ፤
ከዚያ ቀና አለ ጥቂት ወደ ሰማይ፣
«መብራት የያዘ ሰው» በሚለው መስመር ላይ
«አልታየም» ብሎ ሞላ።

አባቴ ይቅር አላለውም። እስከ ዕለተ ሞቱ
ስሙን አልጠራውም፤ «ያ ሰው» ነው በቤቱ።
ያን የበረዶ ወራት ድንች በላን፣ ድንች በጨው፤
ይህም መቃብሩ ላይ ሊነገር የሚገባው ነው።

ጡረታ ወጥቶም ያው ነበር።
አንድ ሐምሌ ከጀልባው ዓሣ ይዞ ገባ፤
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲለካው
ሕጉ ከሚለው በግማሽ ጣት ያንሳል።
ቦታውን ለተረከበችው ልጅ፣ ለብሪዬት፣ ደወለ፤
«ነይና ቅጪኝ» አላት።
ሳቀች። አልሳቀም።
መጣች፤ ጻፈች፤ ከፈለ።
ባለቤቱ ሄልሚ ደረሰኙን
ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤
ትናንት ከቀብር ስንመለስ
ጠርዙ ተጠቅልሎ እዚያው ነው።

የግማሽ ጣት ውሸት ያልተዋጠለት ሰው
«አልታየም» ያላትን እንዴት አድርጎ ዋጣት?
አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዤ
ገበያ ስንገናኝ፣ ነዳጅ ስንቀዳ፣
የምናወራው ስለ በረዶው ውፍረት ነው።
«ሁለት ጣት ነው» ይለኛል፣ «ገና ነው፤ አትርገጠው።»
እኔም አልረገጥኩትም።

አጋዘኗ አሁን ከግቢው በር ቆማለች፤
ሄልሚ የእሱን ካፖርት አልብሳታለች፣
ቀዳዳዋ በዝቶ ጭዷ እንዳይበተን።
የእውነቶቹ አጋዘኖች ማታ ማታ ይመጣሉ፣
አሽትተዋት፣ ምንም ሳይሏት፣ ያልፋሉ።

ትናንት ማታ ስወጣ መብራቴ ዓይኗን አገኘው፤
ቦግ አለ። ፍሬን ያዝኩ።
እጄን አየሁት፤ መሪ ብቻ ነው የያዘው።
ሞተሩን አጠፋሁ፣
መብራቱንም አጠፋሁ።
ቦዩ ውስጥ ማንም የለም፤ አውቃለሁ።
ጭራዋም አልተንቀሳቀሰ።
እኔ ግን፣ መስታወቱ በትንፋሼ እስኪሸፈን፣
ጠበቅሁ።